ስሙ

በጅርባ ደሴት፣ በትንሹ ሰፈር፣
ባሕሩ ሳይታይ ጨው ጨው ሲል አየር፣
አባቴ ክሊፋ ኦሪት ይጽፍ ነበር።
እኔ ልጁ ግዛላ፣ ቀለም በጥባጯ፣
ብራና አስጪዋ፣ መቃ ቀራጯ፣
እጄ እስከ ክርኔ ጠቁሮ እንደ ከሰል፣
ሁሉን እየነካሁ፣ የማልነካ ፊደል።

ስሙ ጋ ሲደርስ መቃውን ያኖራል፤
ይነሣል፣ ይወጣል፣ ጓሮ ውሃ ይቀዳል፤
ታጥቦ፣ ተለቃልቆ፣ ጢሙ እየነጠበ
ይመለሳል ደግሞ፣ ልቡን እየሰበሰበ።
አራቱን ፊደላት፣ ባንድ ትንፋሽ ርጋታ፣
ይጥላል እንደ ዘር፣ ከንፈሩ ሳይፈታ፤
ንጉሥ ቢመጣ እንኳ አይመልስም ሰላምታ።

«ሺ ስምንት መቶ ሃያ» አለኝ አንድ ቀን፣
«በአንዱ ኦሪት ብቻ።» እኔም አልኩት፣ «ያን
ሁሉ ጊዜ ጽፈህ፣ አንዴ እንኳ አላልከው?»
ቀለሙን አየና፣ «እጄ ነው የሚያውቀው፤
አፌማ እንግዳ ነው» አለና ጻፈው።

ዝናብ ሲዘገይ፣ ወይራ ሳያፈራ፣
«ስሙ ያውቃል» እንላለን፤ ሌላ አንጠራ።
አክስቴ ስትድን፣ «ስሙ ይመስገን»፤
እንደ በር መጋረጃ ቃል ቃልን ሲሸፍን።

የአጎቴ ልጅ ጋስቶን ከማርሴይ መጣ፣
ሻንጣ ሙሉ መጽሐፍ፣ ምላስ ሙሉ ቁጣ።
ዓሣውን ሳይጨርስ፣ ማታ ማዕድ ላይ፣
«አባቱን የሚወድ ‹እሱ› ይለዋል ወይ?
ስም የተሰጠን እንድንጠራው እኮ ነው!
ደብቃችሁት ኖራችሁ፣ ድምፁም ጠፋባችሁ፤
ቁልፉን ውጣችሁ በር ላይ ታለቅሳላችሁ።»

አለና ጠራው።
ጮክ ብሎ፣ እንደ ጎረቤት፣ እንደሚያውቀው ሰው።
ጆሮዬን ስይዝ ዘግይቼ ነበር።

ሰማይ አልተቀደደም። መብራቱ አልጠፋም።
ድመቷ ከዓሣው ራስ ዓይኗን አላነሣችም።
አባቴ ማንኪያውን ቀስ አርጎ አኖረ፤
ጓሮ ወጣ፣ ጆሮውን ታጥቦ ተመልሶ፣
«ዓሣው በረደ» አለ። ሌላ አልተናገረ።

ልዋሽ? ደስ ብሎኛል።
ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ አፌን ከፈትኩና
ከፍቼው ቀረሁ። ንጋት ሆነና
ዶሮ ቀደመኝ።

ዓመት አልፎ ዓመት፣ አባቴም ረሳ፤
መጀመሪያ ዋጋ፣ ከዚያ የበላውን ምሳ፣
ከዚያ እናቴን፤ መሞቷን ሁለት ጊዜ ነገርኩት፣
ሁለቱንም ጊዜ እንደ አዲስ አስለቀስኩት፣
ሦስተኛው ላይ ዋሸሁ፤ «ገበያ ናት» አልኩት።
በመጨረሻ እኔን። «አንቺ ልጅ» አለኝ።
ያን ቀን የጋስቶን ነገር እውነት መሰለኝ፤
አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ በስሜ ቢጠራኝ!

የፈራሁት ግን ሌላ ነው፤ የከንፈሩ ዘበኛ
እሱም እንደ ሌላው ረስቶ ቢተኛ፣
ሰባ ዓመት ሙሉ በእጁ ብቻ የኖረው
አንድ ሌሊት በአፉ ቢያመልጥ ምን ላደርገው?
ፎጣ ይዤ አደርኩ፣ አፉን ልሸፍነው።

ንጋት ላይ ጣቱ ብርድ ልብሱ ላይ ሄደ፣
ከቀኝ ወደ ግራ፤ ተነሣ፣ ወረደ፣
አራት ጊዜ። ቀለም የለ፣ መቃ የለ።
ዓይኑን ገለጠና፣
«ስሙ...» አለ።

መጥራቱ ነው? ወይስ ሕዝብ ሰብስቦ «አድምጡ» ማለቱ?
ብቻዬን ነበርኩ እኮ። ፎጣው ወደቀ ከእጄ።

ስልክ ጮኸ፤ ጋስቶን ነው። «ተናገረ? በል አለው?»
አልመለስኩለትም።
የስልኩን እጀታ አባቴ አፍ ላይ አስጠጋሁት።

ትንፋሹ ገባ። ወጣ። ገባ። ወጣ።
ከማርሴይ ግን፣ ለወትሮው ያ ሁሉ ቁጣ
ከሚፈስበት አፍ፣ አንድ ቃል አልመጣ።